የዴምኮ ጉልበት፦ ብርቅ ጉዳት ቀን የማይቆረጥለት ለምንድን ነው?

የካናዳው የበረዶ ሆኪ ቡድን የቫንኩቨር ካናክስ በረኛ ታቸር ዴምኮ ኤፕሪል 21 ቀን 2024 ቡድኑ ናሽቪል ፕሬዳተርስን 4 ለ 2 ሲያሸንፍ ግቡን ጠብቆ ዋለ። ቀጣዩን ጨዋታ ግን አልተሰለፈም። ከዚያ በኋላ ያሉትንም እንዲሁ። ለውድድር ጨዋታ ወደ በረዶው የተመለሰው ዲሴምበር 10 ነው። በመሃል ወደ ስምንት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚያ ወራት የቫንኩቨር ደጋፊ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ምን ሆኖ ነው? ከክለቡ የሚሰማው «የታችኛው የሰውነት ክፍል ጉዳት» የሚል ነው። ከወገብ በታች ማለት ነው። ዳሌም፣ ጉልበትም፣ ቁርጭምጭሚትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ክፍተት ሲገኝ ወሬ ይገባበታል። አንዱ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሷል ይላል። ሌላው ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው ይላል። ዳግም እንደ ድሮው አይሆንም ብሎ ተስፋ የቆረጠም አልጠፋም።

ሴፕቴምበር ላይ ዴምኮ ራሱ ለጋዜጠኞች ነገራቸው። የተጎዳችው ፖፕሊቲየስ የምትባል ጡንቻ ናት። ከጉልበት ኋላ፣ ቋንጃ ከምንለው አካባቢ፣ ወደ ውስጥ ጠልቃ የተቀመጠች ትንሽ ጡንቻ ናት። በሆኪ ተጫዋቾች ላይ የተለመደ ጉዳት አለመሆኑንም አስረዳ። ብዙው ደጋፊ የጡንቻዋን ስም የሰማው ያኔ ነው። ስሟ ታወቀ ማለት ግን ግምቱ ቆመ ማለት አልነበረም። «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ወደ «መቼ ነው የሚመለሰው?» ተቀየረ።

ላብራራ የምፈልገው ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የተናደደው በእሷ ነውና። ክለቡ እያወቀ የሚደብቅ መሰለ። ተጫዋቹ የሚለግም የመሰለውም ነበር። የኔ እምነት ሌላ ነው። ጉዳቱ ብርቅ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጠሮው ነው እንጂ ሕክምናው አይደለም። ሐኪም «በስድስት ሳምንት ይሻልሃል» የሚለው ከዚያ ሰው በፊት ብዙ ሰዎች በስድስት ሳምንት ሲሻላቸው ስለታየ ነው። ከእሱ በፊት እዚያ መንገድ ላይ ያለፈ ሰው ከሌለስ?

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን የምትኖሩ ይህን ዝለሉት፤ ቅዝቃዜው እስኪያልፍ ስትሰሙት ነው የምትከርሙት።

በበረዶ ሆኪ ከእያንዳንዱ ቡድን 6 ሰው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ከእነሱ አንዱ በረኛው ነው። የሚመታው ፓክ የሚባል ጠንካራ ክብ ጎማ ነው። ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ይሆናል። እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት ያቀዘቅዙታል። ክፉኛ ሲመታ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ግቡ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ወርዱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር። ዴምኮ 1.93 ሜትር ነው። ቆሞ ከግቡ አግዳሚ በላይ ይታያል ማለት ነው። ስለዚህ የሆኪ በረኛ እንደ እግር ኳሱ እየተወረወረ አይደለም የሚያድነው። ዋናው ሥራው ታችኛውን ክፍል መዝጋት ነው። የሚዘጋውም በእግሩ ነው።

አዘጋጉ በተርፍላይ ይባላል። በረኛው በጉልበቱ ዱብ ይላል። ሁለቱ ጉልበቶች ተጠጋግተው በረዶው ላይ ያርፋሉ። ከጉልበት በታች ያለው እግር ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይዘረጋል። ጭኑ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ቅልጥሙ ወደ ውጭ ይከፈታል። እግሩ ላይ የታሰረው ወፍራም መከላከያ እንደ ግድግዳ ከጫፍ ጫፍ ይጋረዳል። ግሌን ሆልና ቶኒ ኤስፖዚቶ ቀድመው የተጫወቱበት ስልት ነው። ፓትሪክ ርዋ ደግሞ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አስፋፋው። ዛሬ በናሽናል ሆኪ ሊግ ይህን የማይጠቀም በረኛ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እቤታችሁ ምንጣፍ ላይ ለመሞከር ግን አትቸኩሉ። ጉልበት ያልለመደው አቅጣጫ ነው።

ዴምኮ በ2023–24 የውድድር ዘመን 35 ጨዋታ አሸንፏል። ለምርጥ በረኛ ለሚሰጠው የቬዚና ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዕጩዎች አንዱ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደው የዊኒፔጉ ኮነር ሄሌባክ ነው። ካናክስ የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ አንድም ጊዜ አንስቶ አያውቅም። ስለዚህ ያን ጸደይ የከተማው ተስፋ ትልቁ ክፍል በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ነበር ብል አላጋነንኩም። ደጋፊው እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ክለቡ ለምን በግልጽ አልተናገረም? ሊጉ ስለማያስገድደው ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ቡድኖች ከጨዋታ በፊት ማን የትኛው የሰውነት ክፍሉ እንደተጎዳ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ጉልበት ከሆነ ጉልበት ይባላል። በሆኪ ግን «የላይኛው» ወይም «የታችኛው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ምክንያቱ አድሮም ያው ነው፤ ተጋጣሚ የታመመውን ቦታ ካወቀ እዚያው ላይ ይበረታል። በረኛን መግጨት ክልክል ነው። ግን ቀኝ ጉልበቱ እንደሚያመው ያወቀ አጥቂ ፓኩን ደጋግሞ ወደዚያ በኩል እየላከ ሊያሠራው ይችላል።

ይህ ልማድ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር የውርርዱ ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የስፖርት ውርርድን የሚያግደውን የፌደራል ሕግ ሻረ። ካናዳም በኦገስት 2021 በአንድ ነጠላ ጨዋታ ውጤት ላይ መወራረድን ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ «በረኛው ማነው?» የሚለው ጥያቄ የደጋፊ ጉጉት ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያስያዘም ይጠይቀዋል። የዝምታው ልማድ ግን እዚያው ነው። ወሬው እንዲህ የጦፈው፣ ጥያቄው በዝቶ ሳለ መልሱ እንደ ድሮው ስለቀረ ይመስለኛል።

ደጋፊው ታዲያ እንዴት ይገምታል? ሁለት መንገድ አለው። ሁለቱም መጀመሪያ ሲያዩዋቸው አሳማኝ ናቸው።

አንደኛው ቪዲዮ ነው። የጨዋታው ምስል በዝግታ ይመላለሳል። የቱ ጋ ተነሳ? የቱ ጋ ዘገየ? መቼ ነው ጉልበቱን የነካው? ችግሩ በረኛ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወድቆ የሚነሳ ሰው መሆኑ ነው። ውሃ ለመጠጣት ሲያዘግምም፣ የመከላከያውን ማሰሪያ ሲያስተካክልም ካሜራ አለ። ተጎዳ የሚለውን ወሬ ሰምቶ ቪዲዮውን የሚያይ ሰው ሁሉ ነገር የጉዳት ምልክት ሆኖ ይታየዋል። በዚያ ላይ መከላከያው እግሩን ሙሉ ይሸፍነዋል። ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደተጠማዘዘ ከውጭ አይታይም።

ሁለተኛው መንገድ ከጊዜው ተነስቶ ወደ ኋላ ማስላት ነው። ይህኛው ብልህ ይመስላል፤ የሚያሳስተውም ለዚያ ነው። የጉልበት ውስጠኛ ጎን ጅማት በመጠኑ ሲሳብ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል። ሜኒስከስ የሚባለው የጉልበት ለስላሳ አጥንት ትንሽ ተቆርጦ ከተስተካከለ አንድ ወር ከምናምን ይበቃዋል፤ ከተሰፋ ወራት ይፈጃል። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ከተተካ ደግሞ ከስድስት ወር በታች ማንም አያስበውም። ደጋፊው ይህን ሰንጠረዥ በቃሉ ያውቀዋል። ሦስት ሳምንት ሲያልፍ «እንግዲያው የጎን ጅማቱ አይደለም» ይላል። ሁለት ወር ሲያልፍ «ሜኒስከስ ነው» ይላል። አራት ወር ሲሞላ «ጅማቱ ተበጥሷል፣ ደብቀውን ነው» ይላል። እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ይመስላል። ግን ስሌቱ ሁሉ የቆመው ጉዳቱ ከሰንጠረዡ ውስጥ አንዱ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። የዴምኮ ጉዳት ሰንጠረዡ ውስጥ አልነበረም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር ነበር። ዴምኮ በዚያው ዓመት ማርች ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ከአምስት ሳምንት በላይ ከርሞ ነው ለፕሌይኦፉ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለሚመጣው የጥሎ ማለፍ ውድድር የደረሰው። ወዲያው እንደገና ሲጠፋ «ያው የበፊቱ ነው፣ ሳይድን አሰለፉት» ማለት ቀላል ነበር። የያኔው አሠልጣኝ ሪክ ቶኬት አዲሱ ጉዳት ከበፊቱ ጋር አይገናኝም ብሎ ነበር። ብዙ የሰማው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ጡንቻዋ እንምጣ።

ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታችሁ ይታጠፍ፤ ተረከዛችሁ መሬት ይንካ። ጭናችሁን ሳታንቀሳቅሱ የእግራችሁን ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው እግር አዙሩት። ከጉልበት በታች ያለው አጥንት በጥቂቱ ሲዞር ይሰማችኋል። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ብቻ ይመስለናል። ግን ሲታጠፍ ትንሽ ይሽከረከራል። ያን ሽክርክሪት ወደ ውስጥ ከሚስቡት አንዷ ፖፕሊቲየስ ናት።

የምትነሳው ከጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ፣ ከውጭ በኩል ነው። ጅማቷ በመገጣጠሚያው ውስጥ፣ ከውጨኛው ሜኒስከስ ጎን ያልፋል። ከዚያ በጉልበት ኋላ በሰያፍ ወደ ውስጠኛው ጎን ትወርዳለች። እየሰፋች ሄዳ የቅልጥም አጥንት ጀርባ ላይ ትለጠፋለች። ከላይዋ የባት ጡንቻዎች ይሸፍኗታል። ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥርና ነርቭም በላይዋ ነው የሚያልፉት። በእጅ ዳብሶ «እዚህ ጋ ነው» ማለት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጉልበታችሁ በጥቂቱ ይጠመዘዝና ይቆለፋል። ብዙ ሰዓት ቆመን ጭናችን ቶሎ የማይዝለው በዚህ ምክንያት ነው። ለመራመድ ስትነሱ መጀመሪያ ያ ቁልፍ መከፈት አለበት። የምትከፍተው ፖፕሊቲየስ ናት። የሕክምና ሰዎችም የጉልበት ቁልፍ ይሏታል። ሌላም ሥራ አላት። ቁልቁለት ስንወርድ የጭን አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ትይዛለች። ከእንጦጦ ወደ ታች በሩጫ የሚወርድ ሯጭ በየእርምጃው እሷን ያሠራታል። ፊዚዮቴራፒስቶች ስሟን በብዛት የሚያነሱትም ቁልቁለት ሲሮጥ ከጉልበቱ ውጨኛ ጎን በስተኋላ የሚያመው ሰው ሲመጣ ነው። ያ ግን በድግግሞሽ የሚመጣ የጅማት ሕመም ነው። ጡንቻዋ በአንድ ቅጽበት ስትጎዳ ነገሩ ይለያል።

ሦስተኛው ሥራዋ ለኛ ጉዳይ ዋናው ነው። ቅልጥም ከመጠን በላይ ወደ ውጭ እንዳይዞር ትከላከላለች። ከጉልበቱ ውጨኛና ኋለኛ ማዕዘን ካሉት ጅማቶች ጋር ሆና ነው ይህን የምትሠራው። አሁን በተርፍላዩን አስታውሱ። ጉልበቱ ታጥፎ፣ ክብደቱ ወርዶበት፣ ቅልጥሙ ወደ ውጭ ተከፍቶ። ይህች ጡንቻ በምትከላከልበት አቅጣጫ ነው በረኛው ቀኑን ሙሉ የሚወድቀው።

ከበተርፍላይ በኋላ ደግሞ ሌላ ስልት ተጨምሯል። ፓኩ ከግቡ ጎን ወይም ከኋላው ሲሆን በረኛው አንዱን እግሩን በበረዶው ላይ አስተኝቶ ጫማውን ከግቡ ቋሚ ጋር ያስጠጋል። ሌላውን ጉልበቱን ከፍ ያደርጋል። ክፍተት እንዳይኖር ትከሻውን ቋሚው ላይ ይደግፋል። ከዚያ ፓኩ ወደ መሃል ሲላክ ከዚያው ከተጣጠፈበት ተፈናጥሮ ወደ ሌላኛው ቋሚ ይንሸራተታል። ግፊቱ ሁሉ የሚጀምረው ከታጠፈና ከተጠመዘዘ ጉልበት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በየጨዋታው፣ በየልምምዱ ነው።

እንዲህ ከሆነ በረኞች ሁሉ ለምን አይጎዱም? ጡንቻዋ ብቻዋን አይደለችም። አጠገቧ ያሉት ጅማቶችና የጭኑ የኋላ ጡንቻዎች ጫናውን ይካፈሏታል። እሷን ለመቅደድ የሚበቃ ኃይል ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላም ነገር አብሮ ይበጠሳል። ያኔ ጉዳቱ የሚጠራው በትልቁ ጅማት ስም ነው። ሐኪሙም የሚያወራው፣ የሚሰፋውም ስለ እሱ ነው። ፖፕሊቲየስ ብቻዋን ተጎድታ ሌላው ጉልበት ደህና ሆኖ መገኘቱ ነው ብርቁ። በሕክምና መጽሔቶች ላይ እንዲህ ያለው ነገር በጥቂት ሕመምተኞች ታሪክ መልክ ነው የሚዘገበው።

ሕመሙም ያምታታል። ከጉልበት ኋላና ከውጨኛው ጎን ስለሚሰማ ሜኒስከስ ይመስላል። የጭን የኋላ ጡንቻ የተሳበም ይመስላል። ኤምአርአይ ካልታየ መለየት ያስቸግራል። ኤምአርአዩም ቢሆን የሚያሳየው የት ጋ እንዳበጠና ምን ያህል ክሩ እንደተቀደደ ነው። ቀን አያሳይም። ቀኑ የሚመጣው ከልምድ ነው። ይህን ያህል ያበጠ ጡንቻ ያለው፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ስንት ጊዜ ፈጀበት? የሆኪ በረኛ ሆኖ ይህ የደረሰበት ሰው ካልተገኘ መልስ የለም። የሯጭ ታሪክ ቢገኝ እንኳ ሯጭ ጉልበቱን አጥፎ አይወድቅም።

ለዚህ ነው ማገገሙ የደጋፊውን ልብ ሲሰቅል የከረመው። በፕሌይኦፍ ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጨዋታ ይገናኛሉ፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ ቫንኩቨር ናሽቪልን አሸንፎ ያለፈው በሌሎች በረኞች ነው። መጀመሪያ ኬሲ ዴስሚዝ፣ ቀጥሎ ላትቪያዊው ወጣት አርቱርስ ሺሎቭስ። ሺሎቭስ ስድስተኛውን ጨዋታ ግብ ሳይቆጠርበት 1 ለ 0 ጨረሰው። ቀጥሎ ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር በነበረው ፍልሚያ ሰሞን ዴምኮ ልምምድ ላይ ታየ። ከተማው ተነቃቃ። «ዛሬ ነገ ይሰለፋል» ተባለ። አልተሰለፈም። ቫንኩቨር በሰባተኛው ጨዋታ ተሰናበተ።

ልምምድ ላይ መታየትና ለጨዋታ መድረስ ለምን ይራራቃሉ? ቀጥ ብሎ መንሸራተት ይህችን ጡንቻ ብዙ አያስቸግራትም። ብስክሌት መርገጥም እንዲሁ። ቆሞ ጥቂት ምቶችን መያዝም ይቻላል። የሚያስቸግራት መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው፤ ታጥፎ፣ ተጠማዝዞ፣ ከዚያ ገፍቶ መነሳት። ያንን በሌላ እንቅስቃሴ መተካት አይቻልም። ስለዚህ በረኛው ዘጠና በመቶ የዳነ ሆኖ ይታያል። የቀረችው አሥር በመቶ ግን ሥራው ራሱ ናት። ያቺን ሲሞክራት ካመመው ወደ ኋላ ይመለሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ወይ ውሸት ወይ ልግም ይመስላል። ውስጡ ላለው ሰው ግን ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። በየቀኑ ደህና ነው፤ ሥራውን ግን መሥራት አይችልም።

ክለቡ ሴፕቴምበር ላይ ፊንላንዳዊውን ኬቪን ላንኪነንን ያስፈረመው ቀኑ ስለማይታወቅ ነው። የሚያውቁትን ደብቀው ቢሆን ኖሮ ነገሩን ቀድመው ያዘጋጁ ነበር ብዬ አምናለሁ። የልምምድ ካምፕ በተከፈተበት ሰሞን ሁነኛ በረኛ ማስፈረም ቀኑ የጠፋበት ሰው ሥራ ነው።

ብርቅነት በራሱ ቀን የሚያሳጣ እንዳልሆነ ደግሞ የአንድሬ ቫሲሌቭስኪ ታሪክ ያሳያል። የታምፓ ቤይ ላይትኒንግ በረኛ ነው። በሴፕቴምበር 2015 በግራ በኩል፣ ደረት ላይ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ በሚሄደው አጥንት አጠገብ ደም ረግቶ ተገኘ። ከአንገት ወደ ክንድ የሚያልፉት የደም ሥሮች በዚያ አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን መካከል ሲጨናነቁ የሚመጣ ችግር ነው። ለሆኪ በረኛ ይህም ብርቅ ነው። ክለቡ ግን በግልጽ ተናገረ። የረጋው ደም በሕክምና መወገዱንም፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር እንደሚያርፍም አሳወቀ። እንዴት ቻለ? ይህ ችግር በሆኪ ብርቅ ቢሆንም በቤዝቦል ወርዋሪዎችና በዋናተኞች ላይ ይታወቃል። ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ሲያሽከረክሩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሐኪሞች መንገዱን ያውቁታል። ቫሲሌቭስኪ ተመልሶ በ2020 እና በ2021 ከቡድኑ ጋር የስታንሊ ዋንጫን አነሳ።

ስለዚህ ጉዳት በሆኪ ብርቅ መሆኑና በሕክምና ብርቅ መሆኑ አንድ አይደለም። የቫሲሌቭስኪ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የዴምኮ ሁለቱንም ነበር።

የጉዳት ክብደትና የመመለሻ ጊዜ አብረው ላይሄዱ እንደሚችሉ ደግሞ ክሊንት ማላርቹክን ማስታወስ ይበቃል። ማርች 22 ቀን 1989 ለባፋሎ ሴበርስ ግብ ሲጠብቅ የተጋጣሚ ተጫዋች የበረዶ ጫማ ስለት አንገቱ ላይ አረፈ። ትልቁ የአንገት ደም መላሽ ሥር ተቆረጠ። በረዶው በደም ተለወሰ። የቡድኑ ወጌሻ ጂም ፒዙቴሊ በቬትናም ጦርነት የሠራ የጦር ሠራዊት የሕክምና ባለሙያ ነበር። ሮጦ ደርሶ ሥሩን በእጁ ጨምቆ ይዞ ሕይወቱን አተረፈው። ቁስሉ 300 ያህል ስፌት ፈጀ። ማላርቹክ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ ተጫወተ።

ስለ እሱ ማንም አልገመተም። ጉዳቱን ሁሉም በዓይኑ አይቷል፤ ቁስል መዳኑም በዓይን ይታያል። ያልታየው ሌላ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ከዚያ ቀን ጋር ስለተያያዘ የአእምሮ ጭንቀቱ ማላርቹክ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ያኔ «ተመልሷል፣ ደህና ነው» የተባለለት ሰው ውስጡ አልዳነም ነበር። ይህን ሳስብ የምንከራከርበት «ተመልሷል» የሚለው ቃል ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚነግረን ይታየኛል።

የሆነ በረኛ ነገ ቢጎዳስ ምን እናንብብ? ከቪዲዮው ይልቅ ወረቀቱ ይሻላል። ተጫዋች በተጎጂዎች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ቢያንስ 7 ቀን አይሰለፍም። በረጅም ጊዜ ተጎጂነት ከተመዘገበ ቢያንስ 10 ጨዋታና 24 ቀን ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ የሊጉ ደንብ ነው። ክለቡ ገበያ ወጥቶ ስሙ የታወቀ በረኛ ካስፈረመም ልብ ማለት ነው፤ ገንዘብ ያወጣው ቀኑ እንደሚረዝም ስለገመተ ነው። ልምምድ ላይ ሲታይ ደግሞ መጠየቅ ያለበት «በረዶ ላይ ወጣ ወይ?» ሳይሆን «ከቋሚ ወደ ቋሚ እየወደቀ ይነሳል ወይ? በማግስቱስ ተመልሶ መጣ ወይ?» ነው። ማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ይናገራል። ያበጠ ጉልበት የሚታወቀው ሲነጋ ነው።

ክለቦችም ቢሆኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። የተጎዳውን ቦታ መደበቅ መብታቸው ይሁን። ግን «ቀን መቁረጥ አልቻልንም፤ ሐኪሞቻችን ተመሳሳይ አላገኙም» ማለት ለተጋጣሚ ምንም አያጋልጥም። ዴምኮ በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሲናገር ጡንቻዋንም ጠራ፣ ነገሩ ያልተለመደ መሆኑንም አልደበቀም። ይህ ኤፕሪል ወይም ሜይ ላይ ተነግሮ ቢሆን ደጋፊው ይጨነቅ ነበር። ተጫዋቹን ግን አይጠረጥረውም ነበር።

ዲሴምበር 10 ቀን 2024 ዴምኮ ከሴንት ሉዊስ ብሉዝ ጋር ተሰለፈ። ቫንኩቨር በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ተሸነፈ። በዚያ የውድድር ዘመን የተጫወተው 23 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በመሃል በሌላ ጉዳትም ወጥቷል። የቀድሞ ብቃቱ ላይ ነበር ለማለት ይከብዳል። ክለቡ ግን ጁላይ 1 ቀን 2025 ለተጨማሪ ሦስት ዓመት በዓመት በአማካይ 8.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። የጉልበቱን ፋይል ያየው የራሱ ሐኪም ነው። በዚያ ፋይል ላይ ያን ያህል ገንዘብ ማስያዙ ደጋፊው በእነዚያ ወራት ሲያወራው ከከረመው ሁሉ የበለጠ ይናገራል።